ለ70 ፈረስ መኪና ክንፍ ምን ይሠራለታል?

ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለመኪና ወዳጆች የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። ከጥያቄና መልሱም የተወሰነውን አስገብቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ደገፍ በሉ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። እንዲህ ብሎ ቶሎ የጨረሰ ተናጋሪ አይቼ ባላውቅም።

የዛሬው ወሬ ሁላችሁም የምታውቁት ክርክር ነው። አንዱ ቪትዙ ላይ ክንፍ ያስገጥማል። ጓደኛው ያይና ይስቃል። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተር ፈልግ» ይለዋል። ክንፍ ያስገጠመው ደግሞ «ስፈጥን መሬት ያስይዘኛል» ብሎ ይሟገታል፤ ስንት ኪሎ ነው የሚያስይዝህ ሲባል ግን ዝም። ከዚያ ነገሩ ወደ ቀልድ ይዞራል፣ ማኪያቶው ያልቃል፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ቁጥር ያነሳ ሰው የለም።

እኔ ዛሬ ቁጥር ላነሳ ነው። አትፍሩ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ ተከራከሩኝ። «ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ክንፍ አያስፈልገውም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ድምዳሜያቸው ልክ ነው፣ ምክንያታቸው ግን አይደለም። ክንፍ ሞተሩ ስንት ፈረስ እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው አየሩ በምን ፍጥነት እንደሚመጣበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አትጠይቁት። መታጠፊያውን ጠይቁት። በስንት ነው የምትዞሩት? በ45? በ70? በ110? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ክንፍ የትልቅ ሞተር ጌጥ ነው ለምትሉ አንድ ታሪክ አለኝ። በፈረንጆቹ 1956 ማይክል ሜይ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ወጣት መሐንዲስ ፖርሸ 550 ስፓይደሩ ላይ፣ ልክ ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ ትልቅ ክንፍ ገጥሞ ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ ትራክ ይዞት ሄደ። የመኪናው ሞተር 1.5 ሊትር ነው። ጉልበቱ 110 ፈረስ አካባቢ። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ተራ ኮሮላ የሚይዘው ማለት ነው። ልምምድ ላይ እንዲህ ፈጠነና አዘጋጆቹ አውልቀው አሉት፤ ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር እይታ ይከልላል በሚል። ከዚያ ሐሳቡ ተኛ። አሜሪካዊው ጂም ሆል በ1966 ቻፓራል 2ኢ የተባለው የውድድር መኪናው ላይ ክንፉን ከፍ አድርጎ እስኪያቆመው፣ ፎርሙላ ዋንም በ1968 እስኪከተለው ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ ዝነኛ ክንፎች አንዱ የተገጠመው ጉልበቱ ትንሽ በሆነ መኪና ላይ ነበር። ትንሽና ቀላል። ቀላል የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ወደታች የሚጫነውን ጫና እለዋለሁ፣ ወደኋላ የሚጎትተውን ጉተታ። ሁለቱም ከፍጥነት ጋር የሚያድጉት በካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እነሱ አራት እጥፍ ይሆናሉ። ጫና የሚወደድበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። አየር ማለት ስትፈጥን የሚሳፈር፣ ስትዘገይ የሚወርድ፣ ጎማህን መሬት ላይ እየተጫነልህ አንድ ኪሎ እንኳ የማይመዝን ተሳፋሪ ነው። እውነተኛ ሰው ብትጭን ጎማው ላይ ቢጫንልህም መታጠፊያ ላይ ራሱም ወደ ውጭ ይገፋሃል። አየሩ አይገፋህም።

ልከኛ የሆነ ክንፍ እንውሰድ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር። ጥሩ ተደርጎ ተገጥሟል እንበል። እዚህ አዲስ አበባ አየር ላይ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ወደ 17 ኪሎ ይጫናል። በ140 ከሆነ ወደ 33። በ60 ስድስት ኪሎ። በ45 ደግሞ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል።

ይቺን የመጨረሻዋን እዩልኝ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጫወተው ዝግ ሜዳ ላይ ኮን ደርድረን ነው። ኮን መካከል 45 ከሄዳችሁ ጎበዝ ናችሁ። ክንፉ ከነመቆሚያውና ከነቡሎኑ ስድስት ኪሎ ቢመዝን ከሚጫነው የሚከብደው ይበልጣል። ተሸክማችሁት ነው የምትዞሩት። እዚህ ላይ የሚስቀው ጓደኛ አሸንፏል፣ ፈረስ ጉልበት የሚል ቃል ሳያነሳ።

በ100 የሚዞር ሰፊ መታጠፊያ ያለው ትራክ ላይ ግን ወሬው ይለወጣል። መኪናው ከነሾፌሩ 950 ኪሎ ነው እንበል። 17 ኪሎ ስትጨምሩ ከሁለት በመቶ ያነሰ ነው፤ የመታጠፊያ ፍጥነታችሁን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አያሳድግም። ክንፉን ከፊት ስፕሊተር ጋር፣ ማለትም ከፊት ፓራውልቱ ሥር ወደፊት ከሚወጣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ጋር፣ አጣምራችሁ በድምሩ 40 ኪሎ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት ታተርፋላችሁ። «ሁለት ብቻ?» አዎ፣ ሁለት። ግን ሁለት ለማን?

ለደካማ ሞተር ሁለት ኪሎ ሜትር ሀብት ነው። ከመታጠፊያው ስትወጡ የጎደለችውን ሁለት ኪሎ ሜትር ቪትዙ መልሶ ለማግኘት፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። 300 ፈረስ ያለው መኪና በአንድ አሥረኛ ሰከንድ አካባቢ ይመልሳታል፤ ነዳጅ ረገጥ፣ አለቀ። ስለዚህ ጉልበት የሌለው ሰው የያዘውን ፍጥነት አለመጣል ነው ሥራው። ቀላል የምትለዋም እዚህ ትገባለች፤ ያው 40 ኪሎ 950 ኪሎ መኪና ላይና 1700 ኪሎ መኪና ላይ እኩል አይቆጠርም። ልብ በሉ፣ በዚህ በኩል ከተሄደ ትንሿ መኪና ከክንፍ የምታተርፈው ከትልቁ ይበልጣል።

ጉተታውስ? ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። «ያለችውን ጉልበት ይበላብኛል።» ደህና ክንፍ ስድስት ኪሎ ሲጫን አንድ ኪሎ ያህል ይጎትታል። በ100 ላይ ይህ ወደ አንድ ፈረስ ጉልበት ነው። አንድ! በ140 ሦስት ፈረስ ገደማ ይሆናል፤ እዚያ ጋ ግን ቪትዙ ራሱ አየሩን ለመግፋት አብዛኛውን ጉልበቱን ጨርሶ ለመፍጠን የሚቀረው 17 ፈረስ አካባቢ ስለሆነ፣ ከ17ቱ ሦስቱን መውሰድ ይሰማል። ቀጥ ያለ ረጅም መንገድና አጭር መታጠፊያ ያለበት ቦታ ከሆነ ክንፉ ይጎዳችኋል። ሰፋፊ መታጠፊያ ከሆነ ይክሳችኋል። መልሱ አሁንም ያለው መታጠፊያው ላይ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቁጥር ፈረንጅ ከሚነግራችሁ ለምን እንዳነሰ የገባችሁ አላችሁ? ከፍታው ነው። ያለነው 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ፣ ሞቅ ባለ ቀን ከዚያም በላይ፣ ይሳሳል። ክንፉም የሚጫነው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፎርሙላ ዋን ሜክሲኮ ሲሄድ (የኛን ሜክሲኮ ማለቴ አይደለም፣ እዚያ ታክሲ ወረፋው ራሱ ውድድር ነው) ትራኩ ከ2200 ሜትር በላይ ነው። ቡድኖቹ ለሞናኮ የሚገጥሙትን ትልቁን ክንፍ ይዘው ይገባሉ፤ የሚያገኙት ጫና ግን ፈጣኑ የጣሊያን ትራክ ሞንዛ ላይ በቀጭን ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይርቅም። እኛ ከእነሱም ከፍ ብለን ነው ያለነው።

ሞተሩም ያው አየር ነው የሚተነፍሰው። ቱርቦ የሌለው 70 ፈረስ ተብሎ የተጻፈ ሞተር እዚህ 55 ቢደርስ ነው። አራት ሰው ጭናችሁ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ሽቅብ ስትወጡ ሁለተኛ ማርሽ የምትለምኑት በሌላ ምክንያት አይደለም። የሚገርመው ደግሞ ሞተሩም ጉተታውም አብረው ስለሚቀንሱ የመኪናው የመጨረሻ ፍጥነት ብዙ አይለወጥም፤ የሚጠፋው እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ከፍታ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጎማ።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘባችሁ መጀመሪያ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ደረቅ፣ ያረጀ፣ «ገና ጥርስ አለው» የሚባል የከተማ ጎማ አውልቃችሁ ለስላሳ የስፖርት ጎማ ብትገጥሙ መሬት የመያዝ አቅማችሁ 15 ወይም 18 በመቶ ቢያድግ የሚደንቅ አይደለም። የመታጠፊያ ፍጥነታችሁ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ100 ሲሆን ስምንት ኪሎ ሜትር። በ45 ሲሆን ሦስት ከምናምን። ያ ሁሉ ክንፍና ስፕሊተር በ100 ላይ ከሰጣችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ጋር አስተያዩት። ጎማ ደግሞ ኮን መካከልም፣ ዝናብ ላይም፣ ፍሬን ስትይዙም ይሠራል። የጎማ ንፋስ ማስተካከል ከዚያም ይረክሳል፤ ጎሚስታው በጆሮው ሰምቶ «በቂ ነው» የሚላችሁን አትመኑ፣ መለኪያ ግዙ።

ጎማችሁ ደህና ነው? ፍሬናችሁ ይይዛል? ሾካችሁ ዘይት አያፈስም? እሺ፣ አሁን ስለ አየር እናውራ። ግን አሁንም ከክንፍ አንጀምርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ተራ የቤት መኪና ሲፈጥን አየሩ ወደ ላይ ነው የሚያነሳው። ቅርጹ ከጎን ሲታይ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ፣ በ100 ላይ 15 ኪሎ ያህል ክብደት ከጎማው ቢነሳ የተለመደ ነው። እናም ክንፉ የሚሰጣችሁን ያህል ኪሎ፣ ያለ ክንፍ፣ መነሳቱን በማስቀረት ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። አውዲ ቲቲ በ1998 ሲወጣ ኋላው ለስላሳና ክብ ነበር፣ ሁሉም ወደደው። ጀርመን አውቶባን ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ኋላው እየቀለለ አደጋ በዛና ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ የኋላ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ስፖይለር ጨመረ። ለጌጥ አልነበረም።

ለቪትዛችን ደግሞ ከሥር ጀምሩ። ከሞተሩ ሥር የነበረችው የፕላስቲክ መከለያ የት ሄደች? አውቃለሁ የት እንደሄደች። ዘይት ሲቀየር ተፈታች፣ ቡሎኗ ጠፋ፣ «ያለሷም ይሄዳል» ተባለ፣ ጋራዡ ጥግ ቀረች። እሷን መልሱ። ከሥር የሚገባው አየር ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲተረማመስ ጉተታም መነሳትም ይጨምራል። ከዚያ ፖርቶ መጋላውን አውርዱት፤ ትራክ ላይ ፍራሽ አትጭኑም። ከፊት ፓራውልቱ ሥር ወደ መሬት የምትወርድ ጠንካራ የላስቲክ ከንፈር ብትገጥሙ ወደ ሥር የሚገባው አየር ይቀንሳል፣ ፊቱም ያን ያህል አይነሳም። ይህ ሁሉ ከአንድ ክንፍ ዋጋ በታች ነው፤ እጃችሁ ከፈታ ደግሞ በነጻ ሊባል ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፊት ቀዳዳዎችን በቴፕ መድፈን ጉተታ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ስስ አየር ሙቀትም የሚወስደው በትንሹ ነው። ፈረንጅ በባሕር ጠረፍ ግማሹን ደፈነ ብላችሁ እናንተም ብትደፍኑ ራዲያተራችሁ ይፈላል። ለፍሬንም እንደዚያው።

አሁን ክንፍ። ለሚገባው ሰው። መታጠፊያችሁ ከ80 በላይ ከሆነ ማሰብ ጀምሩ፣ ከ100 በላይ ከሆነ ሥሩት። ከ60 በታች ከሆነ ደግሞ ለፎቶ ነው። ለፎቶም ቢሆን አልቃወምም፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ለፎቶ ነው በሉ።

ቦታውን አብዛኛው ሰው ያበላሸዋል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ስዊፍት የመሳሰሉት ኋላቸው ቁርጥ ያለ ነው። አየሩ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይለያል፤ ከኋላ መስታወቱ ጀርባ ያለው የተረበሸ፣ ሞቶ የሚሽከረከር አየር ነው። እዚያ ውስጥ የተደበቀ ክንፍ የሚሠራው ነገር የለም። ከጣሪያው ከፍ ብሎ ንጹሕ አየር ማግኘት አለበት። ለማየት ከፈለጋችሁ የሹራብ ክር ግዙ። እያንዳንዱን ጣት በምታህል ርዝመት ቆርጣችሁ በአንድ ጫፉ ብቻ፣ በወረቀት ቴፕ፣ ጣሪያው ላይና ኋላ መስታወቱ ላይ በመስመር በመስመር ለጥፉ። ዝግ ቦታ ላይ ጓደኛችሁ በሌላ መኪና ከጎን ከጎን እየሄደ በስልክ ይቅረጽ። እኛ ስናደርገው ጣሪያው ላይ ያሉት ክሮች ሁሉ ቀጥ ብለው ወደኋላ ተኙ። መስታወቱ ላይ ያሉት ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊት እያለ ይጨፍሩ ነበር። ወደ ፊት! መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ክሩም ወደ ፊት። ያን ያየ ሰው ክንፉን መስታወት ሥር አይገጥምም።

ሁለተኛው ችግር ሚዛን ነው። ክንፉ ከኋላ አክሱሉ 60 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ወጥቶ ከተቀመጠ፣ 17 ኪሎ ሲጫን ኋላ ጎማው 21 ይሰማዋል፣ ፊቱ ደግሞ አራት ኪሎ ይቀለዋል። የቪትዝ የሚነዳውም የሚታጠፈውም የፊት ጎማ ነው። ፊቱን እያቀለላችሁ ኋላውን ስትጭኑ፣ መሪውን አዙራችሁት መኪናው «አልታጠፍም» ብሎ ቀጥ ይላል። ክንፍ ብቻውን የፊት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነው በዚህ ነው። ስለዚህ ስፕሊተር አብሮ ይምጣ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ቀለም ቅቡት፣ ውሃ እንዳይገባው። ፓራውልቱ ላይ አትሰሩት፣ ፕላስቲክ ነው፣ ይዞት ይሄዳል። ከቻሲው በሚወጣ ብረት ያዙት፣ ከፊት በብረት ገመድ ወጥሩት። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ሲቆምበት ካልጎበጠ ደህና ነው። የፍጥነት መቀነሻ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ የሚፈታ አድርጉት፣ አለበለዚያ ከቤት ወጥታችሁ ዋናው መንገድ ሳትደርሱ ማገዶ ሆኗል።

ክንፉም ላሜራ ላይ ብቻ አይታሠር። የኋላ በር ላሜራ ስስ ነው፣ ይጎብጣል፣ ይቀደዳል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በ1969 ስፔን፣ ሞንትዡይክ ትራክ ላይ፣ የፎርሙላ ዋኑ ቡድን የሎተስ ሁለቱም መኪኖች፣ ሾፌሮቹ ግራሃም ሂልና ዮኸን ሪንት የያዟቸው፣ ከፍ ብሎ በቀጫጭን ዘንግ የቆመው ክንፋቸው ተሰብሮ ተጋጩ። ወዲያው በቀጣዩ ውድድር ሞናኮ ላይ ከፍ ያሉ ክንፎች ታገዱ። እነዚያ የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች ነበሩ። እኛ በያጅ ነው ያለን። ጎበዝ በያጅ ቢሆንም።

ገንዘብ ለሌለው ደግሞ የዳን ገርኒን ዘዴ ልንገራችሁ። በ1971 ይህ አሜሪካዊ የመኪና ውድድር ሰው ክንፉ ጫፍ ላይ፣ ከኋላ፣ ትንሽ ቀጥ ብላ የምትቆም የብረት ቁራጭ ገጠመ። ጣት እንኳ አትሞላም። ጫናው ጨመረ። ዛሬም በስሙ ትጠራለች፣ ገርኒ ፍላፕ። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂዱ፣ የተጣለ ኤል ቅርጽ ቁራጭ ይሰጧችኋል። የክንፉ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል። ትልቅ አድርጋችሁ አትቁረጡት፣ ትርፉ ጉተታ ነው።

ከዚያ ሞክሩት። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚሞተው። ያለ ክንፍ ጥቂት ዙር፣ ከክንፍ ጋር ጥቂት ዙር፣ ከዚያ እንደገና ያለ ክንፍ። ሦስተኛው ለምን? ጎማው ስለሚሞቅ፣ እናንተም ትራኩን ስለምትለምዱት። ያለ ሦስተኛው ዙር ክንፉ ያመጣውን ሳይሆን እናንተ የለመዳችሁትን ነው የምትለኩት። በአንድ ሾፌር፣ በአንድ ነዳጅ መጠን። የቀለበት መንገድ ላይ ሞክረን ለውጥ አለው ምናምን የምትሉኝ ካላችሁ፣ አልሰማሁም።

ጥያቄ።

አንዱ ልጅ የጠየቀው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሠሯቸው የፎርሙላ ስቱደንት መኪኖች በዝግታ ነው የሚሄዱት፣ ታዲያ ያን ግዙፍ ክንፍ ለምን ይገጥማሉ የሚል ነው። ግሩም ጥያቄ። ሕጉ ሞተሩን ከ710 ሲሲ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ አየሩ ሁሉ በ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ጉልበት መጨመር አይቻልም። ትራኩ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። መኪናው ግን 200 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ክንፎቹም ከፊትም ከኋላም ተደራርበው ስፋታቸው ቪትዝ ላይ ከምናስበው ብዙ እጥፍ ነው። 200 ኪሎ መኪና ላይ በ60 ሃያና ሠላሳ ኪሎ ብታገኝ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በ45 እና በ60 ክንፍ አይሠራም ያልኩት 950 ኪሎ ለሚመዝን መኪናና ለአንዲት ክንፍ ነው። መኪናችሁን 200 ኪሎ ካደረጋችሁ ተመልሳችሁ ኑ።

ሌላዋ ስለ ኤሌክትሪክ ጠየቀች፣ ምክንያቱም ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን የግል መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ወጣቱ የሚያገኘው እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም፣ ቸርችልን ሽቅብ እንደ ቁልቁለት ነው የሚወጣው። ጉተታው ግን በስስ አየር ምክንያት ይቀንስለታል። እዚህ ከተማ ከፍታ የሚጠቅመው መኪና ቢኖር እሱ ነው። ከሥሩም ባትሪው ስላለ አብዛኛው ልሙጥ ነው የሚመጣው፣ ያን የመከለያ ጣጣ የለበትም። በሌላ በኩል ይከብዳል። 1600 ኪሎ መኪና ላይ 17 ኪሎ ብትጭኚ አንድ በመቶ ነው፣ ስለዚህ ክንፉን ትተሽ ጎማና ፍሬን ላይ አውጪው። ክብደቱን የሚይዘው ፍሬን ነውና።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከቆሙት ጋሼ ነው የመጣው። ቮልስ አላቸው፣ «የኔስ?» አሉ፣ አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ከሁላችንም መኪና ይልቅ አየር የሚያስፈልገው የጋሼ ነው። ቮልስ ጠባብ ቢሆንም የአየር መቋቋሚያ ቁጥሩ (ባነሰ ቁጥር ጉተታው ያንሳል) 0.48 አካባቢ ነው፣ የዛሬ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ 0.3 ገደማ ናቸው። ከኋላ ያ የሚያምረው ጉብታ አየሩን አጣብቆ ወደ ታች ይስበዋል፣ ኋላው ይነሳል፣ ሞተሩም እዚያው ኋላ ስለሆነ ሲንሸራተት ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። ፖርሸ ተመሳሳይ ጉብታ ያለውን 911 በ1972 ካሬራ አርኤስ 2.7 ብሎ ሲያወጣው ኋላ ኮፈኑ ላይ እንደ ዳክዬ ጭራ ቀና ያለች ቁራጭ ጨመረበት፣ የኋላው መነሳት ብዙ ቀነሰ። ጋሼ፣ ለእርስዎም ከመስታወቱ ሥር እንደዚያ ያለች ትንሽ ጭራ ትበቃለች፤ ባትላሜራ ሠሪ በአንድ ከሰዓት ያወጣታል፣ የሞተሩን የአየር መግቢያ ግን እንዳትዘጋ ይንገሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ጎን ይዩልኝ። አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው ከፈረንጆቹ 2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጭራውን ይተዉትና መኪናውን እዚያው አቁመው ጎማ ይግዙ።